የአክስቴ ባል ኑዛዜ

ታክ ዱሺክን የሰደበው ዶ ጁንሶክ ነው። የሕግ ተማሪ፣ ሦስተኛ ዓመት፣ ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል የሚያድር፣ ግራ ጆሮው ከቀኙ ገንጠል ያለ ልጅ። ጊዜው ደግሞ ከሴኡል ኦሎምፒክ በፊት በነበረው ዓመት፣ በመኸር፣ አገሩ ሁሉ ፕሬዚዳንቱን በገዛ ድምፁ ሊመርጥ ነው ተብሎ ሰው ከሰው ሲነታረክ በከረመበት ሰሞን፣ ቅዳሜ ምሳ ላይ። የቀረበው በአኩሪ አተር ሊጥ የተቀቀለ የደረቀ ጎመን ሾርባ ነበር። ታክ ዱሺክ ይህን ሁሉ እንደ ትናንት ያስታውሰዋል። የረሳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያች ሰዓት ምን ሊናገር አፉን እንደከፈተ።

ተማሪዎቹ ገበታውን ከበው አንዱ የአንዱን እጩ ሲያነሳ ሌላው ሲጥል፣ ማንኪያ እየተወዘወዘ፣ ሩዝ እየተረጨ፣ ቤቱ የዶሮ ገበያ መስሏል። ዱሺክ በሩ አጠገብ ከገበታው ጫፍ ተቀምጦ ሲሰማ ቆየና፣ «እኔ የሚመስለኝ ግን...» አለ። ዶ ጁንሶክ ከሳህኑ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ጋሼ፣ እሱን ለእኛ ይተዉትና ሾርባውን ይጨምሩልን» አለው።

ገበታው በሳቅ ፈረሰ።

ይህ ብቻ ቢሆን ያልፍ ነበር። ተማሪ ነው፤ ሁለት መጽሐፍ ሲያገላብጥ አገር የእሱ ይመስለዋል። ያላለፈው ሌላ ነው። የዱሺክ ሚስት ጭልፋ እንደያዘች የማድቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር፤ እሷም ሳቀች። በእጇ ጀርባ አፏን ሸፍና፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች። ዱሺክ ተነሳ፤ ድስቱን ይዞ መጣ፤ ሾርባውን ጨመረላቸው። ለዶ ጁንሶክም ጨመረለት። እስከ ዛሬ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ የቀረው ይኸው ነው።

ቤቱ በጆንጁ ከተማ፣ ከዩኒቨርሲቲው የጓሮ በር ፊት ለፊት፣ ዳገቱ ላይ ነው። ባልና ሚስቱ ለተማሪ ክፍል ከነቀለቡ ያከራዩ ነበር። እሷ ታበስላለች፤ እሱ የከሰል ጡብ ይሸከማል፣ ጣሪያ ይደፍናል፣ በብርድ ወራት ከወለሉ ሥር ያለውን እሳት ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ይቀይራል። ቀለብተኞቹ እሷን «አክስቴ» ይሏታል። «አክስቴ ራበኝ»፣ «አክስቴ የሸሚዜ ቁልፍ ወለቀ»፣ «አክስቴ ልጅቷ እምቢ አለችኝ»። እሱን ግን «ጋሼ» ነው የሚሉት። ጋሼ የሚባለው ማን ነው? የአውቶቡስ ነጂው ጋሼ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ዘበኛ ጋሼ ነው፤ ቧንቧ ሊጠግን የመጣው ሰውዬ ጋሼ ነው። እሷ አክስት ከሆነች የአክስት ባል ምንድን ነው? አጎት ነው እንጂ! ይህን ለማወቅ የጓሮውን በር አልፎ ግቢ መግባት ያስፈልጋል? ዱሺክ ትምህርቱን በአሥራ አራት ዓመቱ ያቋረጠ ሰው ነው፤ ይህን ያህል ግን ያውቃል። በእነሱ ቤት እሷ ዘመድ፣ እሱ ዘበኛ መሆኑ ነው።

ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ከተማሪዎቹ ጋር ገበታ አልቀረበም። ከከሰል ማስቀመጫው አጠገብ ባለችው ክፍል ብቻውን ይበላል፤ ሚስቱ በትሪ ታመጣለታለች። መጀመሪያ ሰሞን፣ «ስማ፣ ና ከልጆቹ ጋር ብላ እንጂ፤ እኔንም አታመላልሰኝ» ትለው ነበር።

«ምነው፣ ሾርባ የሚጨምርላቸው ጠፋ?»

ዝም ትላለች። እሱ ዝምታዋን የጥፋተኛ ዝምታ አድርጎ ያዘው። «ለምን ሳቅሽ?» ብሎ ቢጠይቃት የአንድ አፍታ ነገር ነበር። አልጠየቃትም። ሰው የገዛ ሚስቱን ለምን ሳቅሽብኝ ብሎ ይጠይቃል? ራሷ ታንሳው አለ። እሷም አላነሳችውም፤ ዓመቱም በዓመቱ ላይ ተደራረበ፤ ትሪውም ተመላለሰ።

ዶ ጁንሶክ ብዙም ሳይቆይ ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። ዱሺክ ያን ቀን ጥርሱ ሊታይ ምንም አልቀረው። ግን ደስታው አልሰነበተም፤ ሚስቱ ባዶዋን ክፍል ስትጠርግ ዓይኗ ቀልቶ አየ። አሃ፣ አለ በሆዱ። እኔ ስዋረድ የሳቀች፣ አዋራጄ ሲሄድ ታለቅሳለች።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ በመኸር በዓል ሰሞን አንድ ካርቶን ፖም በፖስታ ይመጣል። ላኪ ዶ ጁንሶክ፤ ተቀባይ «አክስቴ»። ልጁ ተመርቆ፣ ዳኛ ሆኖ፣ ሌላ ከተማ ገብቶ እንኳ ፖሙ አልቀረም። እሷ ልጣ፣ ቆርጣ፣ በትሪው ላይ ታቀርብለታለች።

«ውሰጂልኝ። ፖም ሆዴን ይነፋኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከድሮ ጀምሮ።»

እሷም አንድ ነገር ልትናገር እንደምትፈልግ ሰው ትንሽ ቆም ትልና ሳህኑን ይዛ ትመለሳለች።

በወላጆች ቀን ጊዜም እንደዚያው። የተመረቁት ቀይ አበባ ይዘው ይመጡና ደረቷ ላይ ይሰኩላታል። እሱ ያን ቀን ጣሪያ ላይ ሥራ አያጣም። አንድ ጊዜ ሚስቱ ከራሷ ደረት ላይ አንዱን ነቅላ ከሩዙ ጎን አስቀምጣ አመጣችለት። ዱሺክ ሩዙን በላ፤ አበባውን ባዶው ሳህን ውስጥ ከቶ፣ ክዳኑን ከድኖ መለሰላት። ማድቤት ገብታ ክዳኑን ስትከፍተው አየ። ልክ የሚገባትን እንዳገኘች ነበር ያን ቀን የተሰማው።

ልጅ አልነበራቸውም። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም አልቆዩላትም።

ኋላ ኋላ ተማሪው ሁሉ የራሱ ማድቤት ያለው ክፍል መከራየት ጀመረና ቤቱ ባዶ ቀረ። ቀጥሎ እሷ ታመመች። ሆስፒታል ተራ ሲጠብቁ ነርሷ ብቅ ብላ፣ «ኦክ ማክሬ! ኦክ ማክሬ!» ብላ ስትጣራ ሁለቱም ዝም ብለው ተቀምጠዋል። በሦስተኛው ነው ሚስቱ ደንገጥ ብላ የተነሳችው። ስሟን አትወደውም ነበር፤ ሴት ልጅ ብቻ የተወለደለት አባቷ «በቃ፣ የመጨረሻዋ ትሁን» ብሎ ያወጣላት ስም ነው። ለተማሪው አክስቴ ነች፤ ለሰፈሩ የቀለብ ቤቷ ሴትዮ፤ ለዱሺክ «ስሚ»። ማክሬ ብሎ የሚጠራት ሰው በዚህች ከተማ ውስጥ አልነበረም።

አልጋ ላይ እንዳለች አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጁን ሳብ አድርጋ፣ «ስማ፣ ቤቱን ለልጆቹ እንስጥ» አለችው።

«የምን ልጆች?»

«ለዩኒቨርሲቲው ብትናዘዝላቸው... ቀለብ ለሚቸግራቸው ይሆናል። እኛስ ለማን እናስቀምጠዋለን?»

ቂም ቀን መርጦ አይመጣም። ያ የቅዳሜ ሳቅ ጆሮው ላይ ጮኸና፣ «የምን ልጆች ነው የምትይው?» አላት። «እኛ ልጅ አለን እንዴ?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስለ ቤቱ ሌላ ቃል ሳትናገር ሞተች።

ዱሺክ አሁንም ምግቡን የሚበላው ከከሰል ማስቀመጫው አጠገብ ባለችው ክፍል ነው። ቤቱ እንዳለ ባዶ ነው፤ ከሰል ከቀረም ስንት ዘመኑ፤ እሱ ግን ትሪውን ራሱ ከማድቤት ይዞ፣ ጓሮውን አቋርጦ፣ እዚያችው ገብቶ ይቀመጣል። መንገዱ እንዲህ ይረዝም እንደነበር ያወቀው ያኔ ነው። ዝናብ ሲሆን ሾርባው ውስጥ ይንጠባጠባል፤ በረዶ ሲሆን እግር ያንሸራትታል። አንድ ቀን ተንሸራቶ ትሪውን ጣለው። እሷ ጥላው አታውቅም።

እሷ ከሞተች በሁለተኛው ክረምት ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄዶ ቤቱን መናዘዝ እንደሚፈልግ ነገራቸው። ለሰው ሲናገር «የሟች ፍላጎት ነው» ይላል። እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ዱሺክ ሌላም ነገር ፈልጓል። ከዚያ ቤት ገንዘብ የሚማር ልጅ ሁሉ፣ ዘመን በመጣ ቁጥር፣ ታክ ዱሺክ የሚለውን ስም አፉን ሞልቶ እንዲጠራ ፈልጓል። ጋሼ ሳይሆን ታክ ዱሺክ። መቃብር ውስጥ ሆኖም ቢሆን ይሰማዋል።

የዩኒቨርሲቲው የስጦታ ክፍል ሠራተኛ ቢን ዩራ የምትባል ወጣት ነች። ቤቱን ልታይ መጥታ ክፍሎቹን ዞራ ስትጨርስ፣ «አባባ፣ ድጋፉን 'የአክስቴ ቀለብ' ብንለው ምን ይመስልዎታል?» አለችው። «የድሮ ተማሪዎች ጋ በደወልኩ ቁጥር ሁሉም አክስቴ አክስቴ ነው የሚሉኝ። ስሙን የሰማ ሁሉ ከላዩ ላይ ይጨምርበታል።»

«አክስቴ የምትባል ሰው አላውቅም» አላት። «የቤቱ ባለቤት ታክ ዱሺክ ነው። የታክ ዱሺክ የትምህርት ድጋፍ ተብሎ ይጻፍ። አለዚያ ቤቱን ለወንድሜ ልጅ ሰጥቼ እርግፍ አድርጌ እተወዋለሁ።»

«እሺ አባባ፣ እርስዎ እንዳሉ።» ከዚያ ፈራ ተባ እያለች፣ «የባለቤትዎ ስምስ ከጎን ቢገባ?»

«እሷ በቁሟ ተጠርታ ጠግባለች።»

ኑዛዜው የሚጸድቀው በውል አዋዋይ ፊት ነው። ተናዛዡ ሁለት ምስክሮች ባሉበት፣ ከወረቀት ሳያነብ፣ በገዛ አፉ የሚሰጠውን፣ ለማን እንደሚሰጥና በማን ስም እንደሚሆን መናገር አለበት። በአፉ ያለው ነው የሚጻፈው። ዱሺክ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። አፉን ከፍቶ እስኪጨርስ የሚሰማው ሰው በሕግ ሲታዘዝ ይህ የመጀመሪያው ነው። መስታወት ፊት ቆሞ ተለማመደው። «እኔ ታክ ዱሺክ...»

አንዱ ምስክር የሰፈሩ ፋርማሲስት አቶ ኦም ነው፤ የጥንት ወዳጁ። ሁለተኛ የሚያመጣው ሰው ስላልነበረው ዩራ፣ «ከቤትዎ ያደሩ አንድ የድሮ ተማሪ ፈቃደኛ ሆነዋል» ስትለው፣ «ይምጣ» አለ። ማን ነው ብሎ አልጠየቀም።

ቀኑ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ከመፈራረሙ በፊት ዩኒቨርሲቲው ምሳ ጋብዟቸው ዱሺክና ኦም ቁልቁለቱን አብረው ወረዱ።

«ክራቫትህ የላም ገመድ መስሏል» አለ ኦም።

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ክራቫት የምታውቀው? ነጭ ካፖርት ለብሰህ አይደለም የሸበትከው?»

«እሺ፣ በማን ስም አደረግከው?»

«በእኔ።»

«በእሷ አይሻልም ነበር? ያበሰለችው እሷ።»

«ከሰሉን የተሸከመው ማን ነው?»

«ከሰል አይበላማ!» አለ ኦም፤ በራሱ ቀልድ ሳቀና ሳል ያዘው። «ስንት ዘመን የሆድ መድኃኒት ስሸጥ ፖም የሚነፋው ሆድ ያየሁት ያንተን ብቻ ነው። ሆድህ ውስጥ ያለው ፖም አይደለም ዱሺክ።»

ዱሺክ ክራቫቱን እያስተካከለ ቀደመው።

ምግብ ቤቱ ገብተው ሲቀመጡ ዩራ ተነስታ፣ «ክቡር ዳኛም መጡ» አለች። በሩ ላይ ጸጉሩ ሙሉ በሙሉ የነጣ፣ ጥሩ ካፖርት የለበሰ ሰው ቆሟል። ዱሺክ ፊቱን ሳይሆን ጆሮውን ነው ያየው። ግራው ገንጠል ያለ ነው።

«ጋሼ!» አለ ዶ ጁንሶክ፤ በሁለት እጁ እጁን ያዘው። «ጋሼዬ! እንዴት ነው አልተለወጡም እኮ! እኔ አርጅቼ እርስዎ እንዴት እንዲህ ቀሩ?»

«ይቀመጡ» አለው ዱሺክ።

ሩዙን ሲያበላው የነበረውን ልጅ አንቱ ማለቱ ኦምን ቀና አስደረገው። ዱሺክ ግን ያወቀውን ያውቃል። ሲያበላ ሲያጠጣ አንተ ያለውን ሰው፣ ሊጣላው ሲዘጋጅ አንቱ ይለዋል። ስንት ዘመን ያዘጋጀው ንግግር አለ። አውቶቡስ ሲጠብቅ፣ ጣሪያ ሲደፍን፣ ከሰል ሲያራግፍ ያሰላሰለው። ዛሬ እግዜር እጁ ላይ ጣለለት። ትዝ ካለው ራሱ ይቅርታ ይጠይቅ፤ ትዝ ካላለው ደግሞ በእነዚህ ሰዎች ፊት እኔ አስታውሰዋለሁ አለ በሆዱ።

ሾርባ መጣ። የደረቀ ጎመን፣ በአኩሪ አተር ሊጥ። ከከተማው ሾርባ ሁሉ ያ መምጣቱ!

ዶ ጁንሶክ ቀመሰና ማንኪያውን አስቀመጠ። «ጥሩ ነው። ግን የአክስቴ አይደለም።» ወደ ዩራ ዞረ። «ታውቂያለሽ ልጄ፣ ከዚያ ቤት የተባረርኩት ብቸኛው ቀለብተኛ እኔ ነኝ።»

የዱሺክ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ማን አባረረህ?» አለ ኦም። «ይሄ ቁጡ?»

«ኧረ እሳቸው አይደሉም! አክስቴ ነቻ!»

«አክስቴ ሰው ታባርራለች?» አለች ዩራ።

«ምን ታባርራለች ትያለሽ፣ አሽቀንጥራ ነው የጣለችኝ!» ዳኛው ወንበሩን ጠጋ አደረገ። ብዙ ጊዜ ያወራው ጨዋታ እንደሆነ ያስታውቃል፤ የት ላይ እንደሚሳቅ ያውቀዋል። «የምርጫው ሰሞን ነው። እኛ እንጮሃለን። ጋሼ የሆነ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈት ሲያደርጉ እኔ ባለጌው፣ 'ጋሼ፣ ሾርባውን ይጨምሩልን' አልኳቸው። ቤቱ ሳቀ። አክስቴም ሳቀች። እኔማ ጀግና የሆንኩ መሰለኝ! ሲመሽ በሩ ተበርግዶ ስትገባ እጇ ላይ ጭልፋው አለ። አለቀልኝ ብዬ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ።»

ዩራና ኦም ሳቁ።

«'የሳቅሁት ላንተ እንዳይመስልህ' አለችኝ። 'እኔ ባልስቅ ባሌ ገበታውን ገልብጦ ጥርስህን ያረግፈው ነበር። አንተ ሆስፒታል፣ እሱ እስር ቤት። ስስቅለት ቀልድ ሆኖ አለፈ።' እውነቷን ነው፤ ጋሼ ያኔ ክንዳቸው እንዲህ ነበር!» በሁለት እጁ የግንድ ውፍረት አሳየ። «ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? 'እኔ አክስትህ ከሆንኩ እሱ አጎትህ ነው። ገብተህ አጎቴ ይቅር በለኝ በለው። አለዚያ ጓዝህን ጠቅልል።'»

«እና ምን አደረጉ?» አለች ዩራ።

«የሕግ ተማሪ ነኝ እኮ! ከሰል ተሸካሚን ይቅርታ ልጠይቅ?» ሳቀ። «ጓዜን ጠቀለልኩ! በሩ ድረስ አልቅሳ ሸኘችኝ። ቅር ይላትና ትመልሰኛለች ብዬ ዞር ዞር እያልኩ ነው የወጣሁት፤ አልመለሰችኝም።»

ዱሺክ ሾርባውን እያየ ነው። ጎመኑ ወደ ታች ይወርዳል፤ ተመልሶ ብቅ ይላል።

«ኋላ ልብ ስገዛ ፖም መላክ ጀመርኩ» አለ ዳኛው። «ደወለችልኝ። 'ፖምህ ደርሷል፤ ግን የበደልከው እኔን አይደለም። ካርቶኑ ላይ የእሱን ስም ጽፈህ ላክ፤ ያን ቀን እኔ ራሴ ይዤልህ እገባለሁ' አለችኝ። በየዓመቱ ፖሙ ይሄዳል፣ በየዓመቱ ያችኑ ትደግምልኛለች። እኔ ደግሞ...» ገንጠል ያለውን ጆሮውን አከክ አከክ አደረገ። «እውነቱን ልናገር? ስማቸውን አላውቀውም ነበር! ጋሼ ነው የምንላቸው። ያን ያህል ጊዜ ሩዛቸውን በልቼ ስማቸው ማን ነው ብዬ ልጠይቃት አፈርኩ። በኋላም ጊዜው ይበልጥ ሄደ፤ ይበልጥ አፈርኩ። ይኸውላችሁ፣ ከውል አዋዋዩ በተላከልኝ ወረቀት ላይ ነው በዚህ ሳምንት ያነበብኩት። ታክ ዱሺክ! እንዴት ያለ ወንዳወንድ ስም ነው!»

ኦም ሳቀ። ዩራ ሳቅ አምልጧት በእጇ ጀርባ አፏን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

ዱሺክ ያቺን የተሸፈነች አፍ አየ። ያን ጊዜ ንግግሩን ፈለገው። ያ ሁሉ ዘመን ያሾለው፣ ቃል በቃል የደረደረው ንግግር አፉ ውስጥ የለም። ንዴቱም ወደዚህ ሰውዬ ሊሄድ ተነሳና መንገድ ላይ ቀረ፤ ሰውዬው ምን አደረገው? አንድ ቀን አፉ ያመለጠው ባለጌ ልጅ፣ አሁን ሾርባ የሚጠጣ ሽማግሌ። የተበደለው እሱ ነው፣ ዱሺክ። በዳዩስ? ጓሮው ውስጥ በዝናብና በበረዶ ትሪ ይዛ የምትመላለስ ሴት ታየችው። የፖሙን ሳህን ይዛ ቆም ትላለች፤ ስሙ ካርቶኑ ላይ ተጽፎ እስኪመጣ ስትጠብቅ ኖሯል ለካ። ልጁን አባርራለታለች፤ በር ላይ አልቅሳ አባርራለታለች፤ እሱ ግን ለማን እንደምታለቅስ አልጠየቀም። ጠይቋት ቢሆን ምን ትመልስለት ነበር? «ጥርሱን እንዳታረግፈው ብዬ ነው» ትለው ነበር፤ እሱም ይስቅ ነበር። አብረው ይስቁ ነበር። ለምን ሳቅሽ ማለት ምን ይከብድ ነበር? ያልከበደውን ግን ተናግሯል፤ እኛ ልጅ አለን እንዴ ብሏታል።

«ይህን መቼም ያውቁታል» አለ ዶ ጁንሶክ፤ ገና ፊቱ ላይ ሳቁ አለ። «ስንት ዘመን አብራችሁ ስትኖሩ አንድ ቀን ሳታጫውትዎ አትቀርም። አልነገረችዎትም እንዴ ጋሼ?»

ዱሺክ ማንኪያውን ከሳህኑ ጎን አስቀመጠ። ክራቫቱን ፈታ፤ ኪሱ ከተተው። ተነሳና ባርኔጣውን ከመስቀያው አወረደ።

«አባባ፣ ቀጠሯችን ገና ነው እኮ» አለች ዩራ። «ሾርባዎን እንኳ አልነኩትም።»

ኦም እጁን ዘርግቶ ያዝ ሊያደርገው ነበር፤ ፊቱን ሲያየው ግን እጁን ሰበሰበ። የዳኛው ሳቅ ቀስ እያለ ከፊቱ ወረደ። «ምነው? ምን አጠፋሁ?» ሲል ዱሺክ በሩን ከፍቶ ወጣ።

የውል አዋዋዩ ቢሮ ከመንገዱ ማዶ ሁለት ቅያስ አልፎ ነው። ወደዚያ አቀና። መስታወት ፊት የተለማመደው ሁሉ አሁን አይሆንም፤ በአፉ የሚለው ተለውጧል፤ አዲሱን ደግሞ ብሎት አያውቅም። መንገድ ላይ ሞከረው። «ኦክ...» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «ኦክ ማክሬ።» የሌላ ሰው ሚስት የጠራ መሰለውና አፈረ። እንደገና አለው። «የኦክ ማክሬ የትምህርት ድጋፍ።» ከፊት ለፊቱ የምትመጣ አንዲት ተማሪ ሰውዬው ብቻውን ያወራል ብላ ጥግ ያዘች። እሷ ይህን ስሟን አትወደውም ነበር፤ ቢሆንም ሌላ የሚሰጣት ስም የለውም፤ አክስቴ የሚለውን እነሱ ሰጥተዋታል፣ እሱ የሰጣት «ስሚ» የሚለውን ብቻ ነው።

«ጋሼ!» የሚል ድምፅ ከኋላው መጣ። ዶ ጁንሶክ ካፖርቱን ሳይለብስ ምግብ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጣራል። «ጋሼ! አልነገረችዎትም እንዴ?»

መንገዱ ዳር ሽንኩርት ከጭነት መኪና የሚያወርድ ሰውዬ ቀና ብሎ፣ «እኔን ነው?» አለ። አንድ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሽማግሌም ዞረ። ታክ ዱሺክ አልዞረም። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ መንገዱን ተሻገረ።